ካርማን ጊያ 1600፦ ትልቅ ሲሊንደርና ፒስተን ልገጥም ነው፤ ጣርማበርን የሚያውቅ ይምከረኝ

ጠባሴ71 (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁ።

ከአባቴ የወረስኳት ካርማን ጊያ አለችኝ። በአውሮፓ አቆጣጠር የ1971 ሞዴል ናት። ለማያውቃት፣ ከላይ ስፖርት መኪና፣ ከታች ቮልስ ናት። ቅርጿን የነደፈው የጣሊያኑ ጊያ ነው፤ ቦዲዋን የሠራው የጀርመኑ ካርማን ነው። ሞተሯ የለመድነው በአየር የሚቀዘቅዝ የቮልስ 1600 ነው፤ ከኋላ የተቀመጠ። በእያንዳንዱ ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ላይ ሁለት የአየር መግቢያ አለው።

ከተማ ውስጥ ደህና ናት። ከጠባሴ እስከ ሸኖ ደርሼ ስመለስም ችግር የለባትም። ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ሲና ስወጣ ግን ጉልበት ታጣለች። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር ዋሻ ሲሆን በሁለተኛ ማርሽ እየተለመነች ነው የምትወጣው። ዘይትም መብላት ጀምራ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሞተሩን አውርጄ ከፈትኩት። 3ኛው ሲሊንደር ተበልቷል። ፒስተኑ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ጭረት አለ። ሌሎቹ ሦስቱ አርጅተዋል እንጂ እንደሱ አልተጎዱም።

እንግዲህ ሲሊንደርና ፒስተን መቀየሬ ካልቀረ ለምን ተለቅ ያለ አልገጥምም ብዬ አሰብኩ። አሁን ያለው 85.5 ሚሊ ነው። ገበያ ላይ 87፣ 88፣ 90.5፣ 92 እና 94 አለ። እኔ ልቤ 92 ላይ ነው። ይህን ሥራ የሠራችሁ ምን ትላላችሁ? መኪናዋ የአባቴ ናት፤ ልሸጣት አላስብም። ስለዚህ የምትመክሩኝ ለአንድ ዓመት የሚሆን ሳይሆን ለረጅም ጊዜ የሚሆን ይሁን።

አራት ፒስተን (አዲስ አበባ)

92 ምን ይሠራል? ከገባህ አይቀር 94 ግጠም! የፒስተኑ ምልልስ 69 ሚሊ ነው። በ85.5 ሲሰላ 1584 ሲሲ ይመጣል። በ94 ግን 1915 ሲሲ ነው። ከ300 ሲሲ በላይ ጨመርክ ማለት ነው። ክራንክ ሻፍቱን ሳትነካ! ጣርማበርን በሦስተኛ ትወጣዋለህ።

ጋሽ ቢየላ (ደብረ ብርሃን)

ልጄ ጠባሴ፣ አባትህ ነፍሱን ይማርና መኪናዋን እንዳልጣልካት ስሰማ ደስ ብሎኛል። ከመግዛትህ በፊት ግን ረጋ በል። እኔ ቮልስ መክፈት የጀመርኩት ገና ጎረምሳ ሳለሁ ነው፤ አሁን እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ጭንቅላቴ ግን ደህና ነው።

ሲሲውን ትተህ መጀመሪያ የሲሊንደሩን ግድግዳ ተመልከት። የ1600 ክራንክ ኬዝ (ክራንክ ሻፍቱን የሚይዘው የሞተሩ አካል) ላይ ሲሊንደሩ የሚገባበት ቀዳዳ 90 ሚሊ ነው። 85.5 ሲሊንደር እዚያ ሲገባ ግድግዳው በየጎኑ 2.25 ሚሊ ይሆናል። 87 ሲሊንደር በዚያው ቀዳዳ ነው የሚገባው፤ ስለዚህ 1.5 ሚሊ ይቀራል። 88ም በዚያው ነው፤ 1 ሚሊ ብቻ ይቀራል። 1 ሚሊ ብረት እሳት ሲበላው ክብነቱን ይለቃል። ክብነቱን የለቀቀ ሲሊንደር ደግሞ ሪንግ (የፒስተኑን ቀለበት) አይይዝም፤ ዘይት ይበላል። 88ን በፍጹም አትግዛ።

90.5 እና 92 ሌላ ጉዳይ ናቸው። ለነሱ ክራንክ ኬዙ ወደ 96 ሚሊ መቦርቦር አለበት። ቴስታታውም ከ94 ወደ 98 ይሰፋል። ሁለቱም የሚገቡት በአንድ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ የ90.5 ግድግዳ 2.75 ሚሊ ሲሆን የ92 ግን 2 ሚሊ ነው። አየህ? 90.5 ካሁኑ ካለህ ሲሊንደር እንኳ ይወፍራል። ሰፍቶ የሚወፍር እሱ ብቻ ነው።

94 ደግሞ ሜዳ ላይ ለሚሽቀዳደም ሰው ነው። ልጄ አራት ፒስተን፣ ያልከው ቁጥር ልክ ነው፤ ስሌቱ አልተሳሳተም። ግን ይህ ልጅ ለረጅም ጊዜ የሚሆን ነው የጠየቀው።

ጠባሴ71

ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ። የ90.5 ግድግዳ እንደሚወፍር ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ከ92 ጋር ያለው የጉልበት ልዩነትስ ብዙ ነው?

ጋሽ ቢየላ

90.5 ሲሆን 1776 ሲሲ ነው። 92 ሲሆን 1835። ልዩነቱ 60 ሲሲ አይሞላም። ዳገት ላይ በመቀመጫህ አታውቀውም።

ሮቢት ሙቀት (ሸዋ ሮቢት)

እኔ ከታች ነኝ፤ ስለዚህ ከታች ያለውን ልጨምር።

ይህ መንገድ እንደ ሌላው አይደለም። ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ነው። ደብረ ብርሃን 2,840። ዋሻው ከ3,000 በላይ። ጧት በቲሸርት ትነሳለህ፣ ከሰዓት በፊት ጋቢ ትፈልጋለህ። ሞተርም እንደ ሰው ነው የሚተነፍሰው። የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ 100 ነው ብንል፣ እኛ ጋ ወደ 85 ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ 71 አካባቢ ነው።

ይህ ማለት ያንተ 1584 ደብረ ብርሃን ላይ የሚተነፍሰው 1125 ሲሲ ሞተር ባሕር ዳርቻ ላይ የሚተነፍሰውን ያህል ነው። 1776 ብታደርገው 1260 ይሆናል። 1915 ብታደርገው 1360። አራት ፒስተን ያለው 94 እንኳ እናንተ ጋ ከፋብሪካው 1600 በታች ነው የሚሆነው። ስለዚህ ትልቅ ሲሊንደር መፈለግህን አልነቅፍም። ለናንተ አገር ቅንጦት ሳይሆን የተነጠቀን አየር ማስመለስ ነው።

ግን ያን ሞተር ይዘህ ወደ እኛ ስትወርድ አየሩ ይወፍራል፤ ሙቀቱም ይጨምራል። እናንተ ጋ ዝም ያለ ሞተር እኛ ጋ ቤንዚኑ ያለጊዜው እየተቀጣጠለ ማንኳኳት ይጀምራል። ብዙ ሰው ከላይ አስተካክሎ ታች መጥቶ ነው ፒስተን የሚያቃጥለው። ሲሊንደር ስታሰፋ ኮምፕሬሽኑም (አየሩና ቤንዚኑ የሚታመቅበት መጠን) ሳታስበው እንደሚጨምር አትርሳ።

የደብረ ሲናዋ

ወንድሜ ጠባሴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሁሉም ስለ ሲሊንደር ስፋት ነው የሚያወራው። እኔን የገረመኝ ግን 3ኛው ብቻ መበላቱ ነው። ለምን 3ኛው? አራቱም አንድ ዘይት፣ አንድ ቤንዚን፣ አንድ ዳገት ነው ያላቸው።

የምጠይቅህ የኔም ቮልስ እንዲሁ ስለሆነች ነው። 3ኛው ሲሊንደር ሁለት ጊዜ ተበልቶብኛል። ሁለቴም አዲስ ገጠምኩ፤ ሁለቴም ምክንያቱን አልፈለግሁም። በሦስተኛው ነው የገባኝ። የፋኑን ቤት፣ ያን ትልቁን የቆርቆሮ ሽፋን፣ ከላይና ከኋላ ፎቶ አንስተህ ለጥፍልን። ከስሩ ያሉትን ቆርቆሮዎችም አንሳ።

ጠባሴ71

ፎቶዎቹን ለጠፍኩ እህቴ። ከሲሊንደሮቹ ስር የሚገቡት ሁለት ቆርቆሮዎች ግን የሉም። ሞተሩን ሳወርድም አላገኘኋቸውም። የሞተሩን ክፍል ዙሪያ የሚዘጋው ጎማም ግማሹ የለም።

የደብረ ሲናዋ

እንደጠረጠርኩት ነው። የፋኑ ቤት የዚህ ሞተር አይደለም።

እየው፣ የዘይት ማቀዝቀዣህ በፋኑ ቤት ውስጥ፣ በግራ በኩል ቆሟል። ይህ የድሮው አሠራር ነው። ፋኑ የሚገፋው አየር መጀመሪያ ትኩሱን የዘይት ማቀዝቀዣ ያልፋል፤ ከዚያ ሞቆና ቀንሶ 3ኛው ሲሊንደር ላይ ይደርሳል። ሌሎቹ ንጹሕ አየር ሲያገኙ 3ኛው የሌላውን ሙቀት ነው የሚቀበለው። በዚህ ምክንያት 3ኛው ቀድሞ ይበላል፤ ቫልቩም ቀድሞ ይሰበራል።

በ1971 ሞዴል ላይ ፋብሪካው ይህን አስተካክሎታል። ማቀዝቀዣውን ከፋኑ ቤት አውጥቶ የራሱን የቆርቆሮ ቤት ሠራለት። የሚሞቀው አየር ወደ ሲሊንደሮቹ ሳይሄድ ለብቻው ወደ ውጭ ይወጣል። ፋኑም ሰፋ ተደርጓል። ያንተ መኪና 1971 ስለሆነች ከፋብሪካ ስትወጣ ይህ ነበራት ማለት ነው። አንድ ሰው ቀይሮታል።

ጠባሴ71

አሁን ትዝ አለኝ። እኔ ልጅ ሳለሁ አባቴ ሞተሩን አንድ ጋራዥ አስገብቶት ነበር። ሲመለስ «ከድሮው ይልቅ ትሞቃለች» ይል ነበር። ሁልጊዜ ዋሻው አፍ ላይ ያቆማታል። የኋላውን ክዳን ከፍቶ ነፋሱን ያስገባላታል። እኔ የሚያርፍ ይመስለኝ ነበር። የፋኑን ቤት ያኔ ቀይረውበት ይሆናል፤ እርግጠኛ አይደለሁም። እሱ ግን አንድ ነገር እንደተበላሸ አውቆ ነበር።

አመሰግናለሁ እህቴ። ከልቤ ነው።

ጋሽ ቢየላ

ልጄ የደብረ ሲናዋ፣ ተባረኪ። እኔ በሲሊንደር ግድግዳ ተይዤ ዋናውን ጥያቄ አልጠየቅኩም። ይህ ሳይስተካከል 92 ቢገጠም ኖሮ ግድግዳው የሳሳ፣ እሳቱ የበዛ፣ አየሩ ያነሰ 3ኛ ሲሊንደር ይኖረን ነበር። በስድስት ወር ይመለስ ነበር።

እንግዲህ ጠባሴ፣ የሥራው ቅደም ተከተል ተቀየረ። መጀመሪያ የ1971ን የፋን ቤት ከነሰፊው ፋኑ፣ ከነማቀዝቀዣው፣ ከነማስወጫ ቆርቆሮው ፈልግ። ሶማሌ ተራ ገብተህ በኋለኛው ዘመን ከተሠራ ቮልስ የወጣ ጠይቅ። ከስር የሚገቡትንም ሁለት ቆርቆሮዎች አትርሳ። እነሱ አየሩ በሲሊንደሩ ክንፎች ዙሪያ ዞሮ እንዲያልፍ ያስገድዱታል። ከሌሉ አየሩ የላዩን መትቶ ይወርዳል፤ የሲሊንደሩ ሆድ ይቃጠላል። ጎማውም ይግባ። ጎማ ከሌለ ከማርሚታው የሚወጣው ትኩስ አየር ወደ ላይ ተመልሶ ፋኑ ይስበዋል።

ሲሊንደሩ ከዚያ በኋላ ነው። 90.5 ይሁን።

አራት ፒስተን

ጋሼ ተቀብያለሁ። 94 ያልኩት ጓደኛዬ ስለገጠመ ነበር። እሱ ግን ከአዲስ አበባ አይወጣም፤ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው የሚነዳው። ጣርማበርን አላሰብኩትም።

ቶርኖ ቤት (አዲስ አበባ)

ስለ መቦርቦሩ ልናገር፤ የኔ እንጀራ ነው።

አንደኛ፣ የቮልስ ክራንክ ኬዝ አሉሚኒየም አይደለም፤ ማግኒዚየም ነው። የማግኒዚየም ብናኝ ይቀጣጠላል። ከተቀጣጠለ ውሃ አታፍስበት፤ ውሃ ያባብሰዋል። ደረቅ አሸዋ ነው የሚያፍነው። እኔ ይህን ሥራ ስሠራ ከፍሬዛው (መቦርቦሪያ ማሽኑ) አጠገብ አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋ አለ። የምትሰጠው ቶርኖ ቤት ይህን የማያውቅ ከሆነ ወደ ሌላ ሂድ።

ሁለተኛ፣ ክራንክ ኬዙ ሁለት ግማሽ ነው። ሲቦረቦር ሁለቱ ተገጣጥመው፣ ብሎናቸው በልኩ ጠብቆ ነው። ለየብቻ ከተቦረቦሩ ቀዳዳው እንቁላል ይሆናል። ካበቃ በኋላ ደግሞ ተፈቶ፣ የዘይት መንገዱ ሁሉ ተጠርጎ ይታጠብ። አንድ ብናኝ ከቀረ ክራንክ ሻፍቱ የሚሽከረከርበትን ብሮንዝ ይበላዋል።

ሦስተኛ፣ ቴስታታውን የሚይዙት ረጃጅም ብሎኖች። ማግኒዚየም ለስላሳ ነው፤ በሙቀት ብዛት ጥርሱን ይለቃል። ክራንክ ኬዙ ፍሬዛው ላይ ካለ አይቀር ለእያንዳንዱ ብሎን የብረት ቡሽ አስገባበት። ዛሬ ግማሽ ቀን ነው፤ ነገ ግን ሞተር ማውረድ ይሆናል።

ጠባሴ71

(ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ወዳጆቼ፣ የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

የፋኑን ቤት አገኘሁ። ማቀዝቀዣው አልነበረውም፤ እሱን ለብቻው አዲስ ገዛሁ። ከስር የሚገቡትን ቆርቆሮዎችም አገኘሁ። ጎማውን በሜትር ገዝቼ ቆራረጥኩት። ክራንክ ኬዙ በ96 ተቦርቡሯል፤ ቴስታታውም በ98። ቡሾቹ ገብተዋል። የቶርኖ ባለሙያው አሸዋ አዘጋጅቶ ነው የጠበቀኝ። ከመናገሬ በፊት!

ሪንጎቹን አንድ በአንድ ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብቼ አፋቸውን በስፔሶር (የክፍተት መለኪያ) ለካሁ። ሁለቱ የላይኞቹ ከ0.30 እስከ 0.45 ሚሊ ባለው ውስጥ ናቸው። አራቱን ፒስተኖች ወርቅ ቤት ወስጄ አስመዘንኳቸው። የጥገና መጽሐፉ ገደብ 10 ግራም ነው፤ በኔ በከባዱና በቀላሉ መካከል 4 ግራም ነው ያለው።

አሁን የቆምኩት ዴኩ ላይ ነው። ፒስተኑ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ከሲሊንደሩ አፍ 0.9 ሚሊ ይቀረዋል። የቴስታታውን የቃጠሎ ክፍል በመርፌ ሲሪንጅ ዘይት እየሞላሁ ለካሁት፤ 50 ሲሲ ነው። ይህ ጥሩ ነው?

ሮቢት ሙቀት

ለዚህ ነው ኮምፕሬሽኑ ይጨምራል ያልኩህ። አብረን እናስላው።

አንዱ ሲሊንደር 444 ሲሲ ነው። 0.9 ሚሊ ዴክ በ90.5 ስፋት ሲሰላ 5.8 ሲሲ ገደማ ይይዛል። ከ50ው ጋር 55.8። 444ን በ55.8 አካፍለህ 1 ጨምር። ወደ 9 ይመጣል። ፋብሪካው የሠራው በ7.5 ነው። ደብረ ብርሃን ላይ በ9 ትነዳት ይሆናል፤ አየሩ ቀጭን ስለሆነ ዝም ትልሃለች። ሮቢት ላይ በሚያዝያ ቀትር፣ ሰው ጭነህ፣ ወደ ላይ ስትነሳ ግን ታንኳኳለች። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ደግሞ ማንኳኳትን አይቋቋምም።

ጋሽ ቢየላ

ልክ ነው። ከሲሊንደሩ ስር 0.6 ሚሊ ውፍረት ያለው ሺም (ሲሊንደሩን ከፍ የሚያደርግ ስስ ቀለበት) አስገባበት። ዴኩ 1.5 ይሆናል። ያኔ ሬሾው ወደ 8.4 ይወርዳል።

ከዚህ በላይ በሺም አትውረድ። ዴኩ ሲበዛ ቤንዚኑና አየሩ በደንብ ሳይደባለቅ ይቀጣጠላል፤ ሙቀት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። የቀረውን ከቴስታታው ውሰድ። የቃጠሎው ክፍል ውስጥ ቶርኖው የተወውን ስለታም ጠርዝ ሁሉ አለስልስ። ስለታም ጠርዝ እንደ ፍም ይግላል፤ ካንዴላው ሳይተኩስ እሱ ያቀጣጥለዋል። ሁሉንም እኩል እየለካህ ወደ 54 ሲሲ አድርሳቸው። ያኔ 8 ላይ ትሆናለህ። ለዚህ መንገድ 8 ይበቃል።

ስትገጥም ደግሞ እነዚህን ልብ በል። ፒስተኑ ላይ ያለው ቀስት ወደ ቮላኖ (ክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለው ከባድ ክብ ብረት) ያመልክት። ስፒኖቶውን (የፒስተኑን ፒን) በመዶሻ አትምታ፤ ቢየላው (ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ የሚያገናኘው ዘንግ) ይጣመማል። ፒስተኑን በትኩስ ውሃ አሙቀው፤ በጣትህ ይገባል። የዘይቱ ሪንግ አፍ ወደ ላይ ይሁን፤ ሌሎቹን አፍ ለአፍ እንዳይገጥሙ አዙራቸው። በሲሊንደሩ ክንፎች መካከል ከቀለጠ ብረት የቀረ ቅርፊት ካለ በሞረድ አውጣ፤ አየር ይዘጋል። ከቴስታታውና ከሲሊንደሩ መካከል ጓርኒሲዮን አታድርግ። ብሎኖቹን በቶርክ ቁልፍ፣ በሁለት ዙር፣ ከመካከል ጀምረህ አጥብቅ። ያንተ 10 ሚሊ ብሎን ከሆነ 3.2 ኪሎግራም ሜትር፤ 8 ሚሊ ከሆነ 2.5።

የደብረ ሲናዋ

ጅግለሩንም (የካርቡሬተሩን የቤንዚን ቀዳዳ) አስቡበት። እኔን ያስቸገረኝ እሱ ነበር። ለደብረ ብርሃን ብለህ ካሳነስከው ሮቢት ላይ ቤንዚን ይጎድላታል፤ ቤንዚን ሲጎድል ሞተር ይግላል። ለሮቢት ካደረግከው ደብረ ብርሃን ላይ ትጨሳለች። እኔ ለታች አመቻችቼ ነው የተውኩት። ላይ ትንሽ ብታጨስ ካንዴላ አጸዳለሁ። ታች ብትግል ግን ፒስተን ነው የምገዛው።

ሌላም አለ። ወደ ዋሻው ስትወጣ በሦስተኛ አታስጨንቃት። ፋኑ የሚሽከረከረው በሞተሩ ዙር ነው። ዙሩ ከወረደ ማቀዝቀዣው አብሮ ይወርዳል። አዲስ ሞተር ስለሆነች በሁለተኛ መውጣት ነውር እንዳይመስልህ። የፋኑ ቺንጋ ከተበጠሰ ደግሞ እዚያው ቁም። አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አትሂድ።

አራት ፒስተን

የዘይት ፊልተርስ? ይህ ሞተር ወንፊት እንጂ ፊልተር የለውም አይደል?

ቶርኖ ቤት

የለውም። ዘይቱም 2.5 ሊትር ብቻ ነው። ገንዘብ ካለ የውጭ ፊልተር መግጠም ጥሩ ነው። ከሌለ ዘይት ቶሎ ቶሎ መቀየር።

ጠባሴ71

(ከአንድ ወር ተኩል በኋላ)

ተነሳች።

የመጀመሪያውን ቀን ግቢ ውስጥ ነበርን። ጋሽ ቢየላ በአካል መጡ። ቤታችን ከአንድ ቀበሌ እንደሆነ ያወቅነው እዚህ ላይ ስንጻጻፍ ነው። የተኩሱን ቅደም ተከተል፣ 1-4-3-2፣ ራሳቸው ቆመው አስፈተሹኝ። ዲስትሪቡተሩን በሙሉ ዙር 28 ዲግሪ ላይ አሰርነው። ከዚያ እናቴ ወጥታ በረንዳው ላይ ቆመች። ሞተሩ ሲነሳ ምንም አልተናገረችም። ድምፁን ታውቀዋለች።

500 ኪሎ ሜትር እስኪሞላ ከደብረ ብርሃን ብዙም አልራቅኩም። ዘይቱን ቀየርኩ። ጧት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ቫልቮቹን በ0.15 አስተካከልኩ። የቴስታታውንም ብሎን እንደገና ለካሁ፤ ሁለቱ ትንሽ ለቅቀው ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ወደ ሮቢት ወረድኩ። ሮቢት ሙቀትን አገኘሁት፤ ምሳ ጋበዘኝ። በስምንት ሰዓት፣ ፀሐዩ ገና ሳይበርድ፣ ሁለት ሰው ጭኜ ተነሳሁ። ማንኳኳት የለም። ደብረ ሲና ድረስ አብዛኛውን በሦስተኛ ነው የመጣሁት። የደብረ ሲናዋ ቤተሰቦች ቤት ቡና ጠጣን። ከዚያ ወደ ዋሻው እህቴ እንዳለችኝ በሁለተኛ፣ ዙሯን ሳላወርድ ወጣሁ። የተለመነች አልመሰለኝም። ከኋላዬ የነበረ ሚኒባስ ጥሩምባ አልነፋብኝም፤ ድሮ ሁልጊዜ ይነፉብኝ ነበር።

ዋሻው አፍ ላይ አባቴ የሚያቆምበት ቦታ አቆምኩ። ነፋሱ እንደምታውቁት ነው። የኋላውን ክዳን ከፈትኩ። የዘይቱን መለኪያ አወጣሁት፤ በእጄ ይዤ መቆም ቻልኩ። ድሮ በጨርቅ ነበር የማወጣው። ሞተሩ ትንሽ ሲበርድ አራቱን ካንዴላዎች ፈታሁና በቅደም ተከተል ኮፋኖው ላይ ደረደርኳቸው። አራቱም አንድ ዓይነት ቡና መልክ ናቸው። 3ኛውን ከ1ኛው ለመለየት ቁጥር መጻፍ ነበረብኝ።

ፎቶውን ከታች ለጥፌዋለሁ።

ጋሽ ቢየላ

አየሁት ልጄ። 4ኛው ጥቂት ነጣ ብሏል፤ የዚያን በኩል የአየር መግቢያ ጎማ ማሰሪያ ጠበቅ አድርገህ እንደገና አሳየኝ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት ነኝ፤ ይዘሃት ና።

የደብረ ሲናዋ

እኔም የኔን ይዤ ልምጣ ጋሼ? የቫልቭ ድምፅ ትንሽ አላማረኝም።

ጋሽ ቢየላ

ነይ ልጄ፤ ግን ሌሊቱን ደብረ ብርሃን አሳድሪያት። ቫልቭ የሚለካው በቀዝቃዛ ሞተር ነው።